ዊንቹ «ቀጭ» ብሎ ዝም ሲል፦ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ አካባቢ ነው። ባለፈው መስከረም ያገለገለ 500 ሲሲ ኤቲቪ (ባለአራት ጎማ የመስክ ሞተር) ገዛሁ። ከፊቱ 2500 ፓውንድ የሚስብ የኤሌክትሪክ ዊንች (ገመድ በከበሮ እየጠቀለለ የሚስብ መሣሪያ) አለው፤ በረዶ የምጠርግበትን ፕላው የማነሳውም የማወርደውም በእሱ ነው። ዊንቹን የቀድሞው ባለቤት ራሱ እንደገጠመው ነግሮኛል። አሁን ፕላዉን ለማንሳት ስዊቹን ስጫን ‹ቀጭ› ይልና ዝም ይላል። ለማውረድ ስጫን ግን ይሠራል። አንዳንዴ ደጋግሜ ስጫነው ያነሳል። ባትሪውን ለካሁት፣ 12.5 ቮልት ነው። የኤሌክትሪክ ገመዶቹንም በመልቲሜትሩ (በኤሌክትሪክ መለኪያው) ድምፅ ፈተሽኳቸው፣ ሁሉም ይጮኻሉ። አንዱ ጓደኛዬ ሞተሩ ተቃጥሏልና አዲስ ግዛ ይላል፤ ሌላው ሶሌኖይዱን ዝለለውና ከባትሪ ዳይሬክት አድርገው ይላል። ወይስ ፊውዙን በትልቅ ልቀይር?»

መልስ፦ ዊንች አይግዙ፣ ዳይሬክት አያድርጉ፣ ፊውዙንም በትልቅ አይቀይሩ። የጻፉት ምልክት በራሱ ብዙ ይናገራል። ለማውረድ የሚዞር ሞተር ተቃጥሏል ማለት ይከብዳል። በዚህ መጠን ዊንቾች ላይ የሚገኘው ሞተር ብዙውን ጊዜ ቋሚ ማግኔት ያለው፣ ሁለት ተርሚናል ብቻ ያለው የ12 ቮልት ሞተር ነው። ሲስብም ሲለቅም የሚሠራው በዚያው ጥቅል ሽቦ፣ በዚያው ካርቦን፣ በዚያው ማግኔት ነው። አቅጣጫው የሚቀየረው ሞተሩ ውስጥ ሳይሆን፣ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ፖዘቲቭና ነጌቲቭ ቦታ ሲለዋወጡ ነው። ይህን የማለዋወጥ ሥራ የሚሠራው ሶሌኖይድ የምንለው ጥቁር ሳጥን ነው። አራት ወፋፍራም ገመዶች ይገቡበታል፤ ሁለቱ ከባትሪ ይመጣሉ፣ ሁለቱ ወደ ሞተር ይሄዳሉ።

«ቀጭ» የሚለውም ድምፅ ምስክር ነው። ስዊቹን ሲጫኑ በቀጭኑ ሽቦ ጥቂት አምፔር ወደ ሳጥኑ ኮይል (ጥቅል ሽቦ) ይሄዳል፤ ኮይሉ ማግኔት ይሆንና ውስጥ ያለውን የመዳብ ኮንታክት (መገናኛ) ስቦ ወፍራሞቹ ገመዶች ከታሰሩባቸው ቡሎኖች ጋር ያጋጨዋል። የሚሰሙት እሱን ነው። እንግዲህ ለማንሳት ሲጫኑ ጥርት ያለ ቀጭታ ካለ፣ ስዊቹም፣ ቀጭኑ ሽቦም፣ ትንሿ ፊውዝም ሥራቸውን ሠርተዋል። ፊውዟ ተቃጥላ ቢሆን በየትኛውም አቅጣጫ ድምፅ አይኖርም ነበር። ምንም ድምፅ የማይሰማበት ዊንች ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ ፍተሻው ከፊውዝ፣ ከስዊችና ከኤቲቪው ማስነሻ ቁልፍ ከሚመጣው ሽቦ ይጀምራል። የእርስዎ ጣጣ ግን ያለው በወፍራሙ መስመር ላይ ነው።

በዚያ መስመር ላይ ሁለት ተጠርጣሪ አለ። አንዱ በሶሌኖይዱ ውስጥ «ማንሻ» የሆነው ኮንታክት መቃጠሉ ነው። ኮንታክቱ በተዘጋና በተከፈተ ቁጥር የእሳት ብልጭታ ይመታዋል፤ በጊዜ ብዛት ፊቱ ይጠቁራል፣ ይቦረቦራል፤ ቢጋጭም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ደጋግመው ሲጫኑ አንዳንዴ ማንሳቱ የዚህ ዓይነተኛ ጠባይ ነው። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ኃይል ማነስ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። «በአንድ በኩል ከሠራ ባትሪውና ገመዱ ደህና ናቸው» የሚባለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ በተለይ ፕላው ለተንጠለጠለበት ዊንች። ሲያወርዱ ክብደቱ ራሱ ያግዛል፤ ሞተሩ የሚፈልገው ጥቂት አምፔር ብቻ ነው። ሲያነሱ ግን ሙሉ ሸክሙን ይሸከማል፤ ያኔ በብዙ አሥሮች አምፔር ይጠጣል፤ ዊንቹ እስከ አቅሙ ሲስብ ከ100 በላይ ይሄዳል። ደካማ መስመር ማውረዱን ይወጣዋል፣ ማንሳቱ ላይ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ሁለቱን ልኬቶችዎን ላርም። 12.5 ቮልት ባትሪው ሥራ ሳይሠራ የተወሰደ ቁጥር ነው። ባትሪን ሳይሸከም መለካት የተኛ በሬ አይቶ እርሻው አለቀ እንደማለት ነው። ሙሉ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 እና ከዚያ በላይ ያሳያል፤ ግን ውስጡ ያረጀ ባትሪም 12.5 አሳይቶ ዊንቹ በተጫነበት ቅጽበት ወደ 8 ሊወርድ ይችላል። የመልቲሜትሩ ጩኸት ደግሞ ከዚህ የባሰ ያታልላል። መሣሪያው ለዚያ ፍተሻ የሚልከው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ ከወፍራሙ ገመድ ውስጥ አንዲት ክር ብቻ ብትቀር እንኳ ይጮኻል። በዝገት ምክንያት 0.05 ኦም ብቻ የሚቃወም መጋጠሚያ አለ እንበል። መልቲሜትሩ ዜሮ ብሎ ያልፈዋል። 100 አምፔር በዚያ ሊያልፍ ሲሞክር ግን 5 ቮልት እዚያው ይጠፋል፤ ከ12 ቮልቱ ለሞተሩ የሚተርፈው የማይረባ ነገር ነው። የጠፋውም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ወፍራም ገመድ የሚፈተሸው ሥራ ላይ እያለ፣ በቮልት ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ኤቲቪው ኒውትራል ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ፕላው መሬት ላይ አርፎ፣ የዊንቹ መሳቢያ ገመድ ላልቶ ይሁን። ቀለበትና የብረት ሰዓት ያውልቁ፤ በባትሪ ፖዘቲቭና በሻንሲ (በኤቲቪው የብረት አካል) መካከል የገባ ቀለበት ጣት ላይ እንዳለ ይግላል። ወፍራም ገመድ ለመፍታት ሲፈልጉ ሁልጊዜ መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ ይንቀሉ፣ መጨረሻ ላይ ይመልሱት። ዊንቹ ሲዞር እጅም ጓንትም ገመዱ ወደሚጠቀለልበት ከበሮ አይጠጋ።

በመጀመሪያ ሸክሙን ከሞተሩ ላይ ያንሱለት። በዊንቹ ጎን ያለውን የክላች እጀታ ወደ ነፃ ያዙሩት፤ አሁን ሞተሩ ቢዞር ከበሮው አይከተለውም። በሁለቱም በኩል ስዊቹን ለአንድ ሁለት ሰከንድ ይጫኑ። ሞተሩ በሁለቱም በእኩል ፍጥነት ካጉረመረመ ችግሩ ሸክም ሲመጣ የሚታይ ነው፤ ኃይል ማነስ ወይም መድከም የጀመረ ኮንታክት። በማንሻው በኩል ያለ ሸክምም ዝም ካለ ግን ጣትዎን ወደ ሶሌኖይዱ ይቀስሩ። ለማረጋገጥ የባትሪውን ነጌቲቭ ነቅለው፣ ከሶሌኖይዱ ወደ ሞተር የሚሄዱትን ሁለት ወፍራም ገመዶች ሳጥኑ ላይ ያለዋውጧቸው፤ ክላቹ ነፃ እንደሆነ ይቆይ። እንደገና ሲሞክሩ የማንሻው ቁልፍ አሁንም የሞተ ከሆነና የማውረጃው ቁልፍ ሞተሩን በተቃራኒ ካዞረው፣ ሞተሩ በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚዞር በዓይንዎ አይተዋል፤ የታመመው ሳጥኑ ነው። ገመዶቹን ወደ ቦታቸው ይመልሱ። እንደተለዋወጡ ትቶ «ዞሮ ዞሮ ያነሳል» ማለት አይሆንም፤ ማንሻና ማውረጃ የተገላበጠበት ዊንች በድንጋጤ ጊዜ ሰው ይጎዳል።

ቀጥሎ መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርገው፣ ክላቹን መልሰው፣ ሌላ ሰው ለማንሳት ስዊቹን ለሁለት ሰከንድ ያህል እንዲጫን ያድርጉ። አንዴ በባትሪው ምሰሶዎች ላይ፣ አንዴ ደግሞ በሞተሩ ሁለት ተርሚናሎች ላይ ይለኩ። ባትሪው 12 ቮልት አካባቢ ቆሞ ሞተሩ ላይ ምንም ካልደረሰ፣ መንገዱ ሶሌኖይዱ ውስጥ ተቆርጧል። ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሩ ላይ 6 ወይም 7 ብቻ ከደረሰ፣ በመካከል ያለ ገመድ፣ መጋጠሚያ ወይም ኮንታክት እየበላው ነው። ባትሪው ራሱ ወደ 8 ወይም 9 ከተንኮታኮተ ባትሪውን አውጥተው በዝግታ ሞልተው ያስፈትሹት፤ እሱ ሳይስተካከል ሌላውን መለካት ልፋት ነው። በሞተሩ ተርሚናሎች ላይ 11 እና ከዚያ በላይ ደርሶ ሞተሩ ካልዞረ ብቻ ነው የጓደኛዎ ፍርድ ትክክል የሚሆነው።

ቮልቱ በመካከል እየጠፋ ከሆነ የት እንደሚጠፋ ማግኘት ቀላል ነው። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ያሳርፉ። ገመዱ የታሰረበት የቀለበት ጫፍ ላይ ሳይሆን ከራሱ ከባትሪው ምሰሶ ላይ። ሌላውን ጫፍ ከሶሌኖይዱ የፖዘቲቭ ቡሎን ላይ አድርገው ያስጫኑ። በዚያ ገመድ የሚጠፋው ከግማሽ ቮልት መብለጥ የለበትም። በነጌቲቩም በኩል እንዲሁ፣ ከሶሌኖይዱ ወደ ሞተር በሚሄዱትም እንዲሁ። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ኤሌክትሪክ ካልፈሰሰ የሚጠፋ ቮልት የለም። ዊንቹ «ቀጭ» ብሎ በሚቆምበት ጊዜ ገመዶቹ ሁሉ ንጹሕ መስለው ይታያሉ። ይህን ልኬት ዊንቹ በሚያነሳበት ጊዜ፣ ካልሆነም ለማውረድ ሲዞር ይውሰዱት፤ ሲያወርድ ግን አምፔሩ ጥቂት ስለሆነ የሚጠፋውም ቮልት እንደሚያንስ ያስቡ።

የቀድሞው ባለቤት ራሱ ገጥሞታል ማለትዎ እኔን ወደ ነጌቲቩ ገመድ ይመራኛል። ብዙ ሰው ገመድ ለመቆጠብ ነጌቲቩን በአቅራቢያው ካለ የሻንሲ ቡሎን ላይ ያስረዋል። ለመብራት የሚበቃ ማሳ (በሻንሲው በኩል የሚመለስ የነጌቲቭ መስመር) ለዊንች አይበቃም። ቡሎኑ ሥር ቀለም አለ፣ ዝገት አለ፤ ከሻንሲው ወደ ባትሪ የሚመለሰው የፋብሪካ ገመድም ለዚህ ሸክም አልተሠራም። እንዲህ ሆኖ ካገኙት ሌላ ፍተሻ ሳይጠብቁ ነጌቲቩን በቀጥታ ወደ ባትሪው ነጌቲቭ ይውሰዱት። የገመዱንም ዓይነት ይዩ። ለእርስዎ ዊንች የተለመደው 6 ጌጅ፣ ማለትም 13 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ የመዳብ ገመድ ነው። በርካሽ ከሚሸጡት አንዳንዶቹ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ናቸው። አንዲቷን ክር በምላጭ ጫፍ ይፋቋት፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ ገመዱ ይቀየር፤ ኃይልም ይቀንሳል፣ በእርጥበትም ቶሎ ይበላል።

በኮሎራዶ መንገዶች ላይ በክረምት የሚረጨው ማግኒዥየም ክሎራይድ እርጥበት ስለሚስብ፣ በተጎታች ተጭኖ ለሚሄድ ኤቲቪ ክፉ ጠላት ነው። በቀለበቱ ጫፍና በፕላስቲኩ መካከል ባለችው ክፍተት ገብቶ ከውጭ በማይታይበት ውስጥ ለውስጥ ይወጣል። ገመዱን ከጫፉ አጠገብ በጣትዎ ይጠምዝዙት፤ ጤነኛ ገመድ ይተጣጠፋል፣ የታመመው ደረቅ ሆኖ ይንኮሻኮሻል። ፕላስቲኩን ጥቂት ሲልጡት የሚያብረቀርቅ ቀይ መዳብ መታየት አለበት። ጥቁር ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካዩ ንጹሕ መዳብ እስኪያገኙ ይቁረጡ፤ አዲስ ቀለበት በትክክለኛው መጭመቂያ አስጭነው፣ በላዩ በሙቀት የሚሸበሸብ ባለሙጫ ቱቦ ያልብሱት። በፒንሳ ደቅድቆ መተው አይሠራም። መጋጠሚያዎቹን በሽቦ ብሩሽ ካጸዱ በኋላ ብረት ከብረት ጋር ደረቁን ይታሰር፤ ግሪስ ከታሰረ በኋላ ከላይ ይቀባል። የሞተሩን ተርሚናል ሲያጠብቁ ደግሞ የሥረኛውን ዳዶ በሁለተኛ መፍቻ ይያዙ፤ ቡሎኑ አብሮ ከዞረ ውስጥ ያለው ግንኙነት ይበጠስና ጤነኛውን ሞተር እርስዎ ራስዎ ይገድሉታል።

ዳይሬክት ስለማድረግ፦ ሞተሩን ለመፈተን ብቻ፣ ክላቹ ነፃ ሆኖ፣ ከሌላ ጤነኛ ባትሪ በጃምፐር ገመድ ለአንድ ሰከንድ መንካት ይቻላል። ብልጭታ ስለሚኖር የመጨረሻው ንክኪ በሞተሩ ተርሚናል ላይ ይሁን፤ ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ሊያወጣ ስለሚችል በአጠገቡ ብልጭታ አይፈጠር። ለዘለቄታ ዳይሬክት ማድረግ ግን ዊንቹን ማስቆሚያ የሌለው ማሽን ማድረግ ነው። ያን ያህል አምፔር መሸከም የማይችል ስዊች በመካከል ቢያስገቡበትም ይጣበቅና ስዊቹን ለቀውት እንኳ ዊንቹ መሳቡን ይቀጥላል። ሸክም ላይ ያለ ክላች ደግሞ በቀላሉ አይፈታም።

ፊውዝም ቢሆን የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ትንሿ ፊውዝ የተለካችው ለቀጭኑ ሽቦ ነው፤ በትልቅ ከቀየሯት አንድ ቀን ሽቦው ሲነካካ ፊውዟ ትቆምና ሽቦው ይነዳል፤ ከሱ ጋር የታሰሩትም ይከተላሉ። ወፍራሙ መስመር በብዙ ኤቲቪ ላይ ያለ ፊውዝ ከባትሪ በቀጥታ ይመጣል። ስለዚህ ሹል የሻንሲ ጠርዝ እየተሻሸ ያለፈ ገመድ ካለ አቅጣጫውን ይቀይሩ ወይም በጎማ ቱቦ ይሸፍኑት፤ ባትሪው አጠገብም ከዊንቹ ከፍተኛ አምፔር ጋር የሚመጣጠን የኤሌክትሪክ ማቋረጫ ቢያስገቡ ሶሌኖይድ ተጣብቆ በቀረ ቀን ያተርፍዎታል።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። መጀመሪያ ነጌቲቩን ወደ ባትሪው ይውሰዱ፣ ሁሉንም ጫፎች ያጽዱ፣ ባትሪውን በሸክም ያስፈትሹ። ከዚያ በኋላም ያው «ቀጭ» ካለ ሶሌኖይዱን ይቀይሩ፤ በጻፉት ምልክት እዚያ የመድረስዎ ዕድል ከፍተኛ ነው። ዋጋው ከአዲስ ዊንች ጋር አይወዳደርም። ሲገዙ ባለ12 ቮልት፣ ለቋሚ ማግኔት ባለሁለት ተርሚናል ሞተር የተሠራ፣ ውኃ የማያስገባና የዊንችዎን አምፔር የሚችል መሆኑን ይጠይቁ። ለትላልቅ የፒክአፕ ዊንቾች የተሠራውና ሦስት አራት ተርሚናል ላለው ሞተር የሚሆነው የሽቦ ሥዕል ለእርስዎ አይሠራም። የሽቦዎቹ ቀለም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ አሮጌውን ከመፍታትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ አንሥተው በየገመዱ ላይ ምልክት ይለጥፉ። አዲሱን ሶሌኖይድ፣ ጎማው ጭቃና በረዶ ከሚረጭበት ርቆ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሰሩት። የስዊቹ መመገቢያም የኤቲቪው ማስነሻ ቁልፍ ሲጠፋ ከሚጠፋ መስመር ይምጣ፤ አለበለዚያ ቁልፉ ተነቅሎም ልጅ ቢጫነው ዊንቹ ይዞራል።

አዲሱም ሶሌኖይድ በአንድ ክረምት እንዳይቃጠል አጠቃቀምዎን ያስተካክሉ። ፕላው ጫፍ ደርሶ ከቆመ በኋላ ስዊቹን ለግማሽ ሰከንድ እንኳ መያዝ፣ ሞተሩን አንቆ ከፍተኛውን አምፔር በኮንታክቱ ላይ መልቀቅ ነው። ከጫፍ ትንሽ ሲቀረው ይልቀቁት። ባትሪውንም ያስቡለት። አንድ ማንሳት 80 አምፔር ለ5 ሰከንድ ቢወስድ 0.11 አምፔር ሰዓት ነው፤ በሰዓት 60 ጊዜ ካነሱ ወደ 7 ይጠጋል። የኤቲቪ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 አምፔር ሰዓት ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ በብርቱ ብርድ አቅሙ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። የኤቲቪው ሞተር በዝቅተኛ ዙር ሲያዘግም የሚያመነጨው ኃይል ጥቂት ነው፤ መብራትና የእጅ ማሞቂያ ከተጨመሩበት ለባትሪው የሚተርፍ ላይኖር ይችላል። ሥራ ሲጨርሱ በቻርጀር ላይ ያሳድሩት። ዙሩን ከፍ አድርገው በባትሪው ላይ ሲለኩ ከ13.5 በታች ከሆነ ችግሩ ከዊንቹ አልፎ የኤቲቪው የራሱ ቻርጅ ክፍል ነውና ወደ ጋራዥ ይውሰዱት።

የዊንቹ ሞተር በቂ ቮልት ደርሶት ካልዞረ፣ ወይም ሲከፍቱት ውኃና የዝገት ጭቃ ከፈሰሰ፣ ወይም ማግኔቱ ከግድግዳው ተላቆ ካገኙት መጠጋገን አያዋጣም። ያኔም ቢሆን ሞተሩን ለብቻው የሚሸጥ ካለ እሱን ብቻ ይቀይሩ፤ ከበሮውና ማርሹ ጤነኛ ናቸውና።

አዲሱን ሶሌኖይድ ካሰሩ በኋላ ክላቹን ሳያስገቡ ሁለቱንም ቁልፎች ይሞክሩ፤ አቅጣጫው ተገላብጦ ከሆነ ሁለቱን የሞተር ገመዶች ሳጥኑ ላይ ያለዋውጡ። ከዚያ መሳቢያ ገመዱ በአምራቹ መመሪያ በታዘዘው አቅጣጫ በከበሮው ላይ መጠቅለሉን ይመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ ከሥር በኩል ነው የሚገባው። በተቃራኒ የተጠቀለለ ገመድ ዊንቹን የሚሠራ ያስመስለዋል፤ የውስጥ ፍሬኑ ግን የሚይዘው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ የተነሳው ፕላው ሳይታሰብ ሊወርድ ይችላል። ይህን እስኪያረጋግጡ ድረስ ማንም ሰው እግሩን ከፕላው ሥር አያስገባ።